የመልስ ጭነት

ሌሊት አሥር ሰዓት ስልኬ «ጢን» ትላለች፣
ከትራሴ ሥር ሆና «ሥራ አለ» እያለች።
«ከአዘዞ — ደባርቅ፤ አሥራ አራት ካርቶን፤
ተሰባሪ ዕቃ ነው፤ ጥንቃቄ ይሁን።»
ከታች ባዶ ሣጥን፤ «ዋጋ ጻፍ» ይለኛል፣
አንድ ቀጭን ዘንግ አለ፣ ይበራል፣ ይጠፋል።

ቤንዚን፣ ከተገኘ። ካልተገኘ ከጥቁር ገበያ፣ በእጥፍ።
የኋላ ግራ ጎማ፣ ዳባት ካደረሰኝ፣ ከዚያ ወዲያ ትርፍ።
የልጄ ትምህርት ቤት፣ ይኼ ለብቻው ይታሰባል፤
ከደባርቅ ባዶ ብመለስስ? እሱ አይታሰብም፣ ያማል።
አራት ሺህ ሁለት መቶ ብዬ ጻፍሁ፣
አውራ ጣቴን ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ሰደድሁ።

ገና ሳልተነፍስ «ጢን»፦ አራት ሺህ መቶ ሃምሳ።
ቁጥር አርባ ሰባት። ሁልጊዜ እሱ፣ ሁልጊዜ በሃምሳ።
ስም የለው፣ መልክ የለው፣ አራት ኮከብ ተኩል፤
እኔም ለሱ ቁጥር ነኝ፣ ሠላሳ፣ በግማሽ ኮከብ የምጎድል።
ግማሿን የነጠቀኝ ማክሰኚት መንገድ ላይ የተሰነጠቀ መስታወት ነው፤
ባለቤቱ ፊቱን ሁለት ሆኖ አየውና ኮከቤን ቀነሰው።

ድሮ ጋሽ ዋሴ ነበሩ፣ ዣንተከል ዋርካ ሥር፣
ጭነት በደብተራቸው፣ ወሬ በከንፈራቸው የሚያድር።
አምስት ሺህ ተቀብለው ሦስት ሺህ ይሰጡሃል፣
«ባለቤቱ ቆንቋና ነው» ብለው ይምሉልሃል።
ግን የማን ሞላ እንደ ተሰበረ፣ የማን ሚስት አራስ እንደሆነች ያውቃሉ፤
«ይችን ለሱ ተዋት» ይላሉ።
ትተዋታለህ፣ እየረገምህ።
ስልኩ አይዋሽም፤ ሳንቲም ሳይቀር ይቆጥርልኛል።
«ቤት እንዴት ነው?» ብሎኝ ግን አያውቅም።

ባለፈው ሳምንት ቀናኝና ደባርቅ ዘለቅሁ፣
ካርቶኑን አራግፌ የመልስ ጭነት ፈለግሁ።
«ምንም አልተገኘም።» ሻይ ጠጣሁ። «ምንም አልተገኘም።»
ጀንበር ልትጠልቅ ስትል፦
«ነጭ ሽንኩርት፣ ስምንት ኩንታል፣ ወደ ጎንደር፤ ለሁለት ይከፈላል።»
አራቱን እኔ ያዝሁ፤ አራቱን ያው አርባ ሰባት ወስዶታል።
መስኮቱን ከፍቼ ነዳሁ፣ ብርዱ ፊቴን እስኪልጠው፤
ሽታውን ግን ወንበሬ ሳምንት ሙሉ አልለቀቀው።

ማታ ማራኪ፣ ግቢያችን ገብቼ ዳማሷን ሳቆም፣
የቢያድግልኝ መኪና ከጎኔ ቆማለች፤
ሞተሯ ገና አልበረደም።
እሷም ነጭ ሽንኩርት ትሸታለች።
ጎረቤቴ ቢያድግልኝ፣ ክሪኬን የሚዋስ፣ ገመዱን የሚያውሰኝ፣
ግድግዳችን አንድ፣ ያውም ጭቃ።
ምንም አላልሁ። እሱም አሸተተኝ፣
ምንም አላለ። «ብርዱ በረታ» ተባባልን፣ በቃ።

ዛሬ ሌሊት ደግሞ
«ጢን» እዚህ። ከግድግዳው ወዲያ «ጢን» እዚያ።
«ከፒያሳ — ቆላ ድባ፤ የፕላስቲክ ወንበር፣ ሃያ።»
አልጋው ሲጥ ሲል ሰማሁት፤ የኔንም ሰምቶ ይሆናል።
ዘንጉ ይበራል፣ ይጠፋል።
ሣጥኑን አልነካሁም። ግድግዳውን አንኳኳሁ፣ በጣት፣ አንድ ጊዜ።
ዝም።
ቀጥሎ ሳል። ቀጥሎ በሹክሹክታ፣
«ስንት ልትል ነው?»
«አንተስ?»
«አይ፣ አንተ በል።»
ይኼን ስንባባል «ጢን» አለ፣ በሁለት ቤት፤
«ጭነቱ ተወስዷል። ቁጥር አሥራ ሁለት።»

ከጭቃው ወዲያ ሳቀ። ወይም ሳለ።
«ክሪክህን ጠዋት አመጣለሁ» አለ።
«ገመድህም እኔ ጋ ነው» አልሁት።
ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።